ዶሮ ወጡም ለታክስ ይቀነስልን

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ማሠሪያ ባዛር በተዘጋጀ ቁጥር አንድ ትጉህ ወንድም አይታጣም። ዶሮ ወጡን ከነአይቡ በ25 ዶላር ይበላል፣ እንቁላሉን ለመጨረሻ ያቆየዋል፣ እጁን ታጥቦ የገንዘብ ያዧ ጠረጴዛ ፊት ይቆማል። «እኅቴ፣ ለታክስ የሚሆን ደረሰኝ ስጪኝ።» እሷም «ዶሮ ወጥ» ብላ ስትጽፍ ይከፋዋል። «ምነው፣ መባ ብለሽ ብትጽፊው?»

እውነቱን ነው። የበላው ለሆዱ ነው እንዴ? ለሕንፃው ነው እንጂ! ጨጨብሳ የደገመው ጉልላቱ እንዲፈጥን ነው።

አይ.አር.ኤስ. የሚባለው የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ ግን እንዲህ ያለ ተጋድሎ አይገባውም። ከፍለህ በምላሹ ምግብ ወይም ዕቃ ከወሰድክ፣ የሚቀነስልህ ከገበያ ዋጋው በላይ የሰጠኸው ብቻ ነው ይላል። ሬስቶራንት 25 ዶላር የሚሸጠውን ዶሮ ወጥ በ25 ዶላር የበላ ሰው እራቱን በላ፣ አለቀ። የዕጣ ትኬትማ ቢወጣም ባይወጣም አይቀነስም።

በባዛሩ ጨረታ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። የ30 ዶላር ድፎ ዳቦ በጭብጨባና በእልልታ 600 ዶላር ሲገባ 570ው እውነተኛ ስጦታ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም የዳቦውን ግምት ጠቅሳ ለገዢው የጽሑፍ ማረጋገጫ ትሰጠዋለች። ወንድማችን ግን ሙሉውን 600 ካልሆነ ይላል፤ ዳቦውን እኮ ቆርሶ ለጎረቤት አድሏል!

ሌሊቱን ሽንኩርት ሲያቁላሉ ያደሩት እናቶች በዚህ ሁሉ የሉበትም። ሕጉ ለድካማቸው ሳንቲም አይቀንስላቸውም፤ ከኪሳቸው የገዙት ሽንኩርትና ቅቤ ግን ይቀነስ ነበር። ደረሰኙን ከፌስታሉ ጋር ጥለውታል።

የወንድማችን ደረሰኞች ግን በፖስታ ተሰድረው ታክስ ሠሪው ዘንድ ይደርሳሉ። እሱም ገለጥ ገለጥ አድርጎ ይመልስለታል። ወጪያቸውን ለማይዘረዝሩ ባልና ሚስት መንግሥት በጅምላ የሚቀንሰው እ.ኤ.አ. በ2024 29,200 ዶላር ነበር፤ የወንድማችን ዝርዝር ደግሞ ቢደመር ቢደመር እዚያ አይደርስም። ያን ያህል የተሟገተባቸው ደረሰኞች አንድ ሳንቲም አላስመለሱለትም።

ተስፋ ግን አልቆረጠም። እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ ወጪያቸውን የማይዘረዝሩ ባልና ሚስትም እስከ 2,000 ዶላር የጥሬ ገንዘብ ስጦታ እንደሚቀነስላቸው ሰምቷል። ለሚቀጥለው ባዛር ከወዲሁ ሁለት ሰሃን አስመዝግቧል፤ አንዱ የሚወሰድ ነው።