ራሳቸውን ሞልተው የማያውቁት አቶ ራሱ ሞላ

የእድሩ ጡሩምባ ተነፍቷል፣ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ንፍሮው ተቀቅሏል፤ የቀረው የሕይወት ታሪክ ማንበብ ነው። ሟች በመዝገብ ስማቸው «ራሱን የሚሞላ ብዕር»፣ በወዳጅ ዘመድ አጠራር አቶ ራሱ ሞላ፣ ከአባታቸው ከጎማ ከረጢት፣ ከእናታቸው ከቀለም ብልቃጥ፣ በሰሜን አሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ በቶሊዶ ከተማ በ1890ዎቹ መጨረሻ ተወለዱ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሟች ሌላ አቆጣጠር አያውቁም ነበር። ከእሳቸው በፊት ለመወለድ የሞከሩ ታላላቆች እንደነበሩ የፓተንት መዝገቦች ይመሰክራሉ። አድገው፣ ስም አውጥተው ገበያ የወጡት ግን የቶሊዶው ናቸው።

የለቅሶው ምክንያት እንዲገባን፣ ከእሳቸው በፊት ሰው እንዴት ይጽፍ እንደነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1884 የኒውዮርኩ ሌዊስ ዋተርማን ከብዕሩ ምላስ ሥር ለሚቀመጥ፣ ቀጫጭን ቦዮች ለተቀረጹበት መጋቢ ፓተንት አገኘ። ቀለም በቦዮቹ ወደ ታች ሲወርድ አየር በምትኩ ወደ ላይ ይገባል፤ ስለዚህ ቀለሙ አይቋረጥም፣ አይዘረገፍምም። ግሩም ሥራ ነው። ግን የተጨነቀው ቀለሙ ስለሚወጣበት መንገድ እንጂ ስለሚገባበት አልነበረም።

የዘመኑ ጸሐፊ የብዕሩን አንገት ይፈታል፣ በመስታወት ማንጠባጠቢያ ከብልቃጡ ቀለም ይስባል፣ ጠብ ጠብ እያደረገ ባዶውን ሆድ ይሞላል፣ መልሶ ይገጥማል። በዚህ መሃል ጣቱ፣ የሸሚዙ እጅጌና የጠረጴዛው ልብስ ድርሻ ድርሻቸውን ያገኛሉ። ማንጠባጠቢያው ደግሞ ጸሐፊው በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ተገኝቶ አያውቅም። ቀለሙ ወደ ማለቁ ሲቃረብም ሌላ ጣጣ ይመጣል፦ በሆዱ ውስጥ የቦታውን አብዛኛውን የያዘው አየር በእጅ ሙቀት ይለጠጥና የተረፈችውን ቀለም ገፍቶ ወረቀቱ ላይ ይተፋታል።

የቶሊዶው ሮይ ኮንክሊን በብዕሩ ሆድ ውስጥ የጎማ ከረጢት አስገባ፤ ከጎኑም ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ብረት አወጣ። ጨረቃዋን በአውራ ጣት ሲጫኗት ከረጢቱን ትጨፈልቃለች፤ ሲለቋት ከረጢቱ ወደ ቅርጹ እየተመለሰ ቀለሙን ይጠጣል። ኪስ ውስጥ ሳለች እንዳትጫንም የሚዞር ቀለበት መቆለፊያ ተደረገላት። ማርክ ትዌይን በዚህ ብዕር ማስታወቂያ ላይ ቃሉን ሰጥቷል። ብዕሩ መሙያውን በገዛ ሆዱ ይዞት ስለሚዞር ልጣለውም ብል አይጠፋብኝም አለ፤ የጎኑ ጉብታ ደግሞ ከጠረጴዛ ተንከባሎ እንዳይወድቅ ስለሚያግደው ከብዙ ስድብ አድኖኛል ሲል አከለ። ሟች በሕይወት ዘመናቸው ብዙ ተሞግሰዋል፤ የትዌይንን የሚያህል ምስክርነት ግን ዳግመኛ አላገኙም።

ሙት ወቃሽ አያድርገንና፣ አቶ ራሱ ሞላ አንድም ቀን ራሳቸውን ሞልተው አያውቁም። ማዕረጉን የሸለማቸው ማስታወቂያ ጸሐፊ ነው። ብልቃጡን የሚከፍተው ባለቤቱ፣ አንገታቸውን ቀለም ውስጥ የሚደፍቀው ባለቤቱ፣ የሚጫነው ባለቤቱ፣ ጠጥተው ሲጨርሱም አፋቸውን የሚጠርግላቸው ያው ባለቤቱ ነው። እውነቱ ይነገር ከተባለ ደግሞ የሚሞላቸው እሱም አይደለም፤ አየር ነው። የተጨፈለቀው ከረጢት ሲለቀቅ በውስጡ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ በብልቃጡ ቀለም ላይ የተጫነው የከባቢ አየር ግፊት ያን ጊዜ ቀለሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። የዕድሜ ልክ ሥራቸውን የሠራላቸው ሰማዩ ነው ማለት ነው። ቢሆንም ሰውን ከማንጠባጠቢያ የገላገለ ትንሽ ቢኩራራ ማን ይቆጣዋል?

ጉብታውን ያልወደደው ዋልተር ሼፈር ነበር። በአዮዋ ግዛት በፎርት ማዲሰን ከተማ ጌጣጌጥ ነጋዴ ስለነበረ ከጎን ያበጠ ነገር ዓይኑ አይቀበልም። በ1908 ፓተንት ባገኘበት ዘዴ ጨረቃዋ ቀረችና በብዕሩ ጎን ተኝታ የምትውል ቀጭን ማንሻ ተተካች። በጥፍር ቀና ሲያደርጓት በውስጥ ያለውን ጠፍጣፋ ብረት ትገፋለች፣ ብረቱም ከረጢቱን ይጨፈልቃል፤ ሲመልሷት ከአካሉ ጋር ልክክ ትላለች። ለብዙ አሥርት ዓመታት የሟች መደበኛ አለባበስ ይህ ሆነ። ብዕሩ አማረ፤ ትዌይን የወደደው ጉብታ ግን አብሮ ስለሄደ፣ በክዳኑ ላይ የኪስ ማያያዣ እስኪለመድ ድረስ ከጠረጴዛ መንከባለሉም ተመለሰ።

በዊስኮንሲን የጄንስቪሉ ጆርጅ ፓርከር ኩባንያ በበኩሉ መጫኛውን ጭራው ላይ ሸሸገው፤ የኋላዋ ቆብ ስትፈታ ትንሽ ቁልፍ ብቅ ትላለች። በ1921 በ7 ዶላር ገበያ የወጣው ቀዩ ዱኦፎልድ የሚሞላው በዚህ መንገድ ነበር። ሌሎችም የየራሳቸውን ሞከሩ። የክብሪት እንጨት ሰድደው የሚጫኑት ብዕር ነበር፣ በጭራው በኩል በአፍ የሚነፋ ነበር፣ በጎኑ ስንጥቅ ሳንቲም አስገብተው የሚጨፈልቁትም ነበር። ይህን የመጨረሻውን የፈለሰፈ ሰው ከጸሐፊዎች ጋር ተዋውቆ አያውቅም መሰል፤ ሳንቲም ያጣ ዕለት የማይጽፍ ብዕር ለጸሐፊ አይሸጥም።

የሟች ሕመም ከአባት ወገን የወረደ ነው። የጎማ ከረጢት ከዓመታት በኋላ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴም ሬንጅ መስሎ ከሆድ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ይህን የዘር በሽታ አስቀድመው ያመለጡ የአውሮፓ ዘመዶች ነበሩ። የለንደኑ ደ ላ ሩ፣ በቴምብርና በመጫወቻ ካርታ ኅትመት የታወቀው ቤት፣ በ1905 ኦኖቶ የተባለውን ከረጢት አልባ ብዕር አወጣ። ከጭራው ረጅም ዘንግ ይሳባል፤ ወደ ውስጥ ሲገፉት የዘንጉ መድፈኛ ከኋላው አየር የለሽ ክፍተት እየተወ ይሄዳል። መጨረሻው ላይ የብዕሩ ሆድ ሰፋ ስለሚል መድፈኛው ይላላል፤ ቀለሙም በአንድ ጉርሻ ዘው ይላል።

ከዚህም የተሻለው ሃኖቨር ላይ መጣ። የጀርመኑ ፔሊካን ኩባንያ የቴዎዶር ኮቫችን ፓተንት ገዝቶ በ1929 ባወጣው ብዕር ውስጥ እንደ መርፌ መስጫ የሚሠራ ፒስተን አለ። ጭራውን ሲያዞሩት ይወርዳል፣ መልሰው ሲያዞሩት ቀለም እየሳበ ይወጣል። ከረጢት የለም፣ ሆዱ ሁሉ ቀለም ነው። ደግሞም አካሉ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ መስኮት ስላለው፣ በሆዱ ምን ያህል ቀለም እንደቀረ ማየት ይቻላል፤ ጸሐፊ ከዓረፍተ ነገር መሃል ከመድረቁ በፊት ማወቁ ቀላል ነገር አይደለም። ከሟች ሆዶች ሁሉ ለዚህ ማዳላት አይከለከልም። የአሜሪካ ወገኖቻቸው በየጊዜው አዲስ ዘዴ ይዘው ሲወጡ፣ ጀርመኖቹ አንድ ነገር በትክክል ሠርተው ዝም አሉ።

በሕዝብ አገልግሎት ረገድም ሟች የሚታሙ አልነበሩም። ሴፕቴምበር 2 ቀን 1945 በሚዙሪ የጦር መርከብ ላይ የጃፓን እጅ መስጠት ሲፈረም፣ ጄኔራል ማክአርተር ከተጠቀመባቸው በርካታ ብዕሮች አንዷ የሚስቱ ቀይ ፓርከር ነበረች። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1941፣ ፓርከር 51 ወጥቶ ነበር። ምላሱ እንዳይደርቅ እስከ ጫፉ በኮፍያ የተሸፈነ ለስላሳ ፍጡር ነው። በ1948 አሞላሉ ሲለወጥ ግልጽ የፕላስቲክ ከረጢት ተደረገለት፤ ይህ ከረጢት እስከ ዛሬ ሳይቀየር የሚሠራባቸው ብዕሮች ብዙ ናቸው። የከረጢቱ መከላከያ ብረት ላይ ግን መመሪያ ተቀርጿል። ምላሱን ወደ ታች ያዝ፣ መጫኛውን አጥብቀህ ተጫን፣ አንዳንዱ ላይ አራት ጊዜ፣ አንዳንዱ ላይ ስድስት ጊዜ፣ ከዚያም በለስላሳ ወረቀት ጥረግ ይላል። ራሳቸውን ይሞላሉ የተባሉት አቶ ራሱ ሞላ ለአሽከራቸው የሚሰጡትን ትእዛዝ ሆዳቸው ላይ ጽፈው ይዞሩ ነበር።

ይህ የመጥረግ ነገር ሳያበሳጫቸው አልቀረም፤ በመጨረሻው የእድሜያቸው ዘመን እሱን ለማስቀረት ያልሆኑት የለም። በ1952 ሼፈር ስኖርክልን አወጣ። ጭራው ሲዞር ከምላሱ ሥር ቀጭን ቱቦ፣ ልክ እንደ ወባ ትንኝ፣ ብቅ ይላል። ቀለም ውስጥ የሚገባው ቱቦው ብቻ ነው፤ ምላሱ ደረቅና ንጹሕ እንደሆነ ይቀራል። ከጭራው የሚሳበው ሲሊንደር ሲገፋ በውስጥ የታመቀው አየር ከረጢቱን ይጨፈልቀዋል፤ መጨረሻው ላይ የታመቀው አየር ማምለጫ ሲያገኝ ከረጢቱ ይነፋና በቱቦው ቀለም ይስባል። ከዚያ ቱቦው ወደ ጎሬው ይመለሳል። በብዕር ታሪክ ከዚህ የረቀቀ ማሽን ኪስ ውስጥ ገብቶ ያውቃል ለማለት ያስቸግራል። ይህ ሁሉ ሞላ፣ ዘንግ፣ ማሸጊያና ቱቦ የተሰበሰበው ግን ሰው አንዲት ቁራጭ ወረቀት አንስቶ ምላስ እንዳይጠርግ ነው።

ከቤተሰቡ ስሙን በእውነት የተሸከመ ልጅም ነበር፤ በ1956 የወጣው ፓርከር 61። አካሉን ፈትተው ጭራውን ብልቃጥ ውስጥ ያቆሙታል፤ በቃ። ማንሻ የለም፣ ቁልፍ የለም፣ መጫን የለም። በውስጡ የተጠቀለለ ስስ ፕላስቲክ አለ፤ ቀለሙ ውኃ ስፖንጅ ውስጥ እንደሚሰርገው በቀጫጭን ክፍተቶቹ መሃል ራሱ ይወጣል። ውጪው በቴፍሎን ስለተለበጠ ቀለም አይይዘውም፣ መጥረግም አያሻውም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ማስታወቂያው እውነት ሆነ ማለት ነው። ወዲያው ደግሞ ችግሩ ታየ። ቀለሙ በእነዚያ ክፍተቶች ውስጥ ሲደርቅ ለማጠብ መከራ ነው፤ በቀላሉ የሚገባው በቀላሉ አይወጣም። ከዓመታት በኋላ ኩባንያው ይህን አሞላል ትቶ 61ን ቀለም ተሞልቶ በሚሰካ ካርትሪጅ የሚሠራ አደረገው። ራሱን መሙላት የቻለው ልጅ በሆድ ድርቀት ሞተ።

ገዳዩ ማን ነው የሚለው ጥያቄ በድንኳኑ ጥግ ሲንሾካሾኩበት ይሰማል። ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው የሃንጋሪው ላዝሎ ቢሮ በ1930ዎቹ መጨረሻ ፓተንት ባወጣበት ባለ ኳስ እስክሪብቶ ላይ ነው። ነገሩ ወደ አሜሪካ ገበያ የገባው ኦክቶበር 29 ቀን 1945 ነበር። ሚልተን ሬይኖልድስ የተባለ ነጋዴ በኒውዮርኩ ጊምብልስ መደብር በ12.50 ዶላር ሲያቀርበው በመጀመሪያው ቀን ወደ 10,000 ገደማ ተሸጠ። የሬይኖልድስ እስክሪብቶ ውኃ ውስጥ ይጽፋል ተብሎ ነበር፤ የውኃውን ባናውቅም ሸሚዝ ላይ በደንብ ይጽፍ ነበር። ቀለሙን ማፍሰሱ ገበያውን ስላስከፋው ሟች ለጥቂት ዓመታት ተንፈስ አሉ። በ1950 ማርሴል ቢክ ርካሹንና የማያፈሰውን ቢክ ክሪስታል ፈረንሳይ ላይ አወጣ። የሚሞላ ነገር የለውም፤ ሲያልቅ ይጣላል።

የውስጥ እጅ እንዳለበትም አይዘነጋ። ካርትሪጅ የቤቱ ልጅ ነው፤ በ1936 በፈረንሳይ በመስታወት ተሠርቶ ነበር፣ በ1950ዎቹ ዋተርማንና ሼፈር ፕላስቲክ አደረጉት። ቀለሙ ተሞልቶ ይሸጣል፤ ይሰካል፣ ያልቃል፣ ይወረወራል። ብልቃጥ ለሚናፍቁ ሰዎች ሲባል ደግሞ ኮንቨርተር የተባለች፣ በካርትሪጅ ቦታ የምትሰካ ትንሽ መምጠጫ የማደጎ ልጅ ሆና ገባች። የሟችን ልብስ ለብሳ በለቅሶው ላይ ከፊት የተቀመጠችው እሷ ናት። ቀለም የምትይዘው ጥቂት ቢሆንም ውርሱ ላይ ቀዳሚ ነኝ ትላለች።

በሩቅ ዘመድነት ከኢትዮጵያ የመጡ አሮጊትም አሉ፤ የመቃ ብዕር ይባላሉ። ከሟች በብዙ መቶ ዓመት ይበልጣሉ፣ በብራና ጸሐፊዎች እጅም እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ናቸው። በካራ ይቀረጻሉ፤ ጥቁሩን ከአንዱ ቀንድ፣ ቀዩን ከሌላው ይጠቅሳሉ፤ ቀለማቸው ሲያልቅ መልሰው ይጠቅሳሉ። ራሴን እሞላለሁ ብለው ለማንም ተናግረው አያውቁም። ከሰውዬው ጋር በምን እንደሚዛመዱ ሲጠየቁ «በቀለም» ብለው ንፍሯቸውን ይዘግናሉ።

ሟች ከኋላቸው የተዉት ቤተሰብ እንደሚባለው ያን ያህል የተራቆተ አይደለም። ፔሊካን ዛሬም በፒስተን የሚሞሉ ብዕሮችን ይሠራል። የሞንብላን 149 ከ1952 ጀምሮ፣ የላሚ 2000 ደግሞ ከ1966 ጀምሮ አሉ፤ የጃፓኑ ፓይለትም የኦኖቶን ዘዴ የሚመስል ብዕር ያመርታል። ዋጋቸው ግን እንደ ቢክ አይደለም፤ ዘመዶቹ ወደ ጌጣጌጥ መደብር ስለተዛወሩ ሰፈር ውስጥ አይታዩም።

ጸሎቱ ሊጀመር ሲል ከወደ በሩ ግርግር ተነሣ። አንድ ብዕር ጠጋኝ የጸጉር ማድረቂያ፣ የሼላክ ብልቃጥ፣ የታልክ ዱቄትና በልካቸው የተቆረጡ አዳዲስ የጎማ ከረጢቶች ይዞ ገብቷል። አንገታቸው በትንሽ ሙቀት ይላቀቃል፣ የደረቀው ከረጢት ተፍቆ ይወጣል፣ አዲሱ በሼላክ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ታልክ ይነሰነስበታል፤ የ1920ዎቹ ሼፈር ነገ ጠዋት ሊጽፍ ይችላል እያለ ሬሳውን እንዲከፍቱለት ይለምናል። የእድሩ ሊቀመንበር ሰዓታቸውን አዩ፣ ወደ ወጥ ቤቱ ዞር አሉ፣ ከዚያም የድንኳኑ ኪራይ ለሦስት ቀን እንደተከፈለና ገንዘቡ ተመላሽ እንደማይሆን አስረዱት።