በጥጥ የተመሰከረ ልጅነት

አሜሪካ ያለች እናት አዲስ አበባ የቀረ ልጇን ለማምጣት ፋይል ስትከፍት፣ ኤምባሲው «ይህ ወረቀት አይበቃም፣ ዲኤንኤ ይታይ» ሊላት ይችላል። ያኔ የሚሰማው ምሬት በየቤቱ አንድ ዓይነት ነው፦ «ዘጠኝ ወር ተሸክሜ፣ አምጬ የወለድኩትን በጥጥ ልታረጋግጡልኝ?»

ጥጡ አይከራከርም። የእናትም የልጅም ጉንጭ በውስጥ በኩል ይታሻል፣ ናሙናው ታሽጎ ላቦራቶሪ ይገባል። ውጤቱ 99.5 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ እናትነቷ ጸደቀ። የቀበሌ ማኅተም፣ የክርስትና ካርድና የሦስት ሽማግሌ ምስክርነት ያላሳመኑትን ቆንስል ትንሽ ምራቅ ታሳምነዋለች።

ይህን ጉድ የጠነሰሰችው የካሊፎርኒያዋ ኤመሪቪል ናት። ከኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ፣ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ናት። ነዋሪዋ እ.ኤ.አ. በ2020 ቆጠራ 13 ሺህ እንኳ አልሞላም። የቤይ ኤሪያ ሐበሻ የሚያውቃት አይኪያ አልጋ ሊገዛ ሲሄድ፣ አለዚያም ወደ ሳንፍራንሲስኮ ድልድይ ሲያመራ መንገድ ተዘግቶበት ሲራገም ነው።

እዚያ ሲተስ በተባለ ኩባንያ ካሪ ሙሊስ የሚባል ኬሚስት ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ ዓርብ ማታ በሆንዳ ሲቪኩ ወደ ሜንዶሲኖ ገጠር ሲነዳ ሐሳቡ ብልጭ አለለትና መኪናውን ዳር አስይዞ መሞነጫጨር ጀመረ። (እኛ ለቅዳሜና እሁድ ደብረ ዘይት ወርደን ዓሣ በልተን እንመለሳለን፤ ሰውየው ኖቤል ይዞ ተመለሰ።)

ትንሿን ናሙና የሚያበዛው፣ በኋላ ፒሲአር የተባለው ሐሳብ ሲነገር ቀላል ነው። ዲኤንኤ ሁለት ክር ነው። 95 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅ ይለያያል፤ በረድ ሲል የሚፈለገው ቦታ ላይ ምልክት ይለጠፍበታል፤ እንደገና ሞቅ ሲል ኢንዛይም የጎደለውን ክር ይሞላል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እያለ በ30 ዙር ከ1 ቢሊዮን ያልፋል። መጀመሪያ ላይ ግን ኢንዛይሙ ሙቀቱን አልቻለውም፤ በየዙሩ አዲስ መጨመር ግድ ሆነ፤ ምጣዱ በጋለ ቁጥር ጋጋሪ እንደመቀየር። መላው የተገኘው ከየሎውስቶን ፍል ውሃ፣ ተመራማሪው ቶማስ ብሮክና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1969 ለዓለም ካስተዋወቁት፣ 70 ዲግሪ ሙቀት ከሚመቸው ባክቴሪያ ነው። እኛ ፍልውሃ ዳር ዋና ከተማ ቆርቁረናል፣ ሶደሬ ወገባችንን ዘፍዝፈናል፤ ውሃው ውስጥ ማን እንደሚኖር ግን ብዙም አልጠየቅንም።

ሲተስ ለሙሊስ 10 ሺህ ዶላር ሸለመው። እ.ኤ.አ. በ1991 የፒሲአር መብት ለመድኃኒት ኩባንያው ሆፍማን ላ ሮሽ የተሸጠው በ300 ሚሊዮን ዶላር ነው። ሂሳቡን አንባቢ ይሥራው።

ኖቤሉን ሙሊስ የተካፈለው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ከወባ ትንኝ ሆድ በተቀዳ ዲኤንኤ ዳይኖሰር የሚያስነሳው «ጁራሲክ ፓርክ» ሲኒማ ቤቶችን አጥለቀለቀ። ዳይኖሰሩ እስካሁን አልተነሣም፤ በዲኤንኤ ቪዛ የተመታለት ልጅ ግን ስንቱ ከቦሌ ተነሥቷል! ሙሊስ ራሱም ከፊልም የወጣ ሰው ይመስላል። ጫካ ውስጥ የሚያበራ ራኩን ሰላምታ እንደሰጠው በመጽሐፉ ተርኳል። ኤድስ በኤችአይቪ አይመጣም ብሎም ተሟግቷል፤ ራኩኑን እንለፍለት፣ በዚህኛው ግን ፈጽሞ ተሳስቷል።

ከዚያ ኮሮና መጣ። መጀመሪያ አካባቢ የኢትዮጵያ ናሙና ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይላክ ነበር፤ በመስከረም 2013 ዓ.ም. ግን ቦሌ ለሚ የመመርመሪያ ኪት ፋብሪካ ተመረቀ። አገር ቤት ናፍቆት ቲኬት የቆረጠ ሁሉ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ አፍንጫውን ሰጠ። «ነጌቲቭ ነው?» የሚለው ጥያቄ «ደኅና ነህ?»ን ቀደመ፤ ፒሲአር የሚሉትን ሦስት ፊደላት እማማም ሳይቀሩ አጠኗቸው። ሙሊስ ይህን አላየም፤ እ.ኤ.አ. ኦገስት 2019 አርፏል።

ያን የ«ነጌቲቭ» ወረቀት ፓስፖርታችሁ ውስጥ አጥፋችሁ እስከ ዛሬ ያቆያችሁ ካላችሁ አውጡት፤ ጊዜው ካለፈበት ቆይቷል።