የድግስ ምግብን ከዘመድ ስለ መጠበቅ

የምግብ ሳይንስ መጻሕፍት ቀድሞ የተሰናዳ የድግስ ምግብ የሚበላሸው በሙቀት፣ በእርጥበትና በዓይን በማይታዩ ተሕዋስያን ነው ይላሉ። ይህ ጥናት መጻሕፍቱን አይቃወምም። ሆኖም ጸሐፊዎቻቸው የዒድ ዋዜማን ሐርተሼክ ውስጥ፣ ልጅ በሞላበት ቤት አሳልፈው እንደማያውቁ ለመገመት ይገደዳል። በዚያ ቤት፣ በዚያ ምሽት ሳምቡሳን የሚያሰጋው ባክቴሪያ ሳይሆን ዘመድ ነው። ባክቴሪያ ቢያንስ ጥቂት ሰዓት ይታገሣል።

ከዚህ በመነሣት የሚከተለው መላ ምት ቀርቧል፤ በጣት የሚነሣ የበዓል ምግብ ቀድሞ መሥራት ቀላል ነው፤ ከባዱ ለበዓሉ ማድረስ ነው። ስለዚህ ምግቦቹን በጣዕማቸው ወይም በተሠሩበት እህል ሳይሆን ራሳቸውን ለመከላከል ባላቸው አቅም መመደብ ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል። ጣዕም ለዚህ ጥናት ዓላማ እንደ ጉድለት ተቆጥሯል።

ሐርተሼክ የተመረጠችው በዕጣ አይደለም። ወደ ሶማሌላንድ ድንበር የተጠጋችው ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ ለሸሹ ሰዎች መጠለያ ሆናለች። የስደተኞች ጣቢያው እስከ ሩብ ሚሊዮን የሚደርስ ሰው ይዞ በአንድ ወቅት የዓለም ትልቁ ተብሏል፤ የተዘጋውም እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ቤቱን ጥሎ የወጣ ሰው የትኛው ምግብ መንገድ እንደሚችል ከመጽሐፍ አይማርም። ከተማዋ ደግሞ በሌላ ሙያ ስሟ ወጣ፤ ከበርበራ ወደብ በኩል በሚገባ ጨርቅ፣ ቴፕና ሌላም ሸቀጥ። የመሀል አገር ሰው ሐርተሼክን የሚያውቃት በዚሁ ነው፣ ጉምሩክም እንዲሁ። አንድ ነገር እንዴት እንደሚጠቀለል፣ እንዴት እንደሚታሰርና ከውጭ ሲያዩት እንዴት ሌላ ነገር እንደሚመስል የሚያውቅ ገበያ ለእንዲህ ያለ ጥናት ከበቂ በላይ ነው።

በምደባው የመጨረሻውን ደረጃ የያዘው ሳምቡሳ ነው። የዘር ሐረጉ የሚያስከብር መሆኑ አይካድም፤ እ.ኤ.አ. በ1226 ባግዳድ በተጠናቀረ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ ተጓዡ ኢብን ባቱታም በ14ኛው ክፍለ ዘመን ዴልሂ ላይ፣ በሱልጣኑ ግብዣ፣ ለውዝና ፒስታሽዮ የገባበት ቀርቦለታል። መከላከያን በተመለከተ ግን ከባግዳድ እስከ ጅጅጋ ምንም መሻሻል አላሳየም። ስስ ሊጡ ምጣድ ላይ ገረፍ ተደርጎ ይነሣል፤ እንደ መቀነት ይቆረጣል፤ ጥጉ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ወደ ላይ፣ ከዚያ እንደገና ይታጠፋል፤ ሥጋው ወይም ምስሩ ይገባል፤ የመጨረሻው ከንፈር በጣት በተቀባ የዱቄት ሙጫ ይዘጋል። ይኼ ሁሉ ዘይቱ እንዳይገባ ነው። እጅ እንዳይገባ የታሰበ ነገር የለም።

የሳምቡሳ ብቸኛ መከላከያ ጥሬነቱ ነው። የጅጅጋ እናቶች ይህን ስለሚያውቁ ቀድመው አጣጥፈው ፍሪዘር ውስጥ ይከቱትና የሚጠብሱት በዕለቱ ነው። መብራት ከጠፋ ግን ሁሉም ባንድ ሌሊት መጠበስ አለበት፤ የተጠበሰ ሳምቡሳ ደግሞ ሽታው ጎረቤት ድረስ ሄዶ ራሱን ያሳጣል። ሦስት ማዕዘን ያለው ነገር ጥጉን ቆርሶ መመለስ እንደማይቻል፣ ወይ ሙሉውን መብላት ወይ መተው ብቻ እንዳለ ልጆች በግልጽ ተረድተዋል፤ ምርጫቸውም የታወቀ ነው። አዬዮ (አያት ማለት ነው፤ በዚህ መስክ ከፍተኛው ባለሥልጣን) ትሪውን ቆጥራ ትከድናለች። በምላሹ የተፈጠረው ዘዴ የቀሩትን ትንሽ ትንሽ አራርቆ መደርደር ነው። አዬዮ በበኩሏ መቁጠር ትታ ርቀት መለካት ጀምራለች።

ብስኩትና ዶልሾ የሚባለው ኬክ በቁምሳጥን ቁልፍ ይጠበቃሉ። ቁልፉ ካለ አሉ፣ ቁልፉ ከጠፋ የሉም፤ ከዚህ በላይ ሐተታ አያስፈልጋቸውም።

ሐልዋ ግን ሊከበር የሚገባው ነው። ስኳር፣ ስታርች፣ ቅቤና ሄል ትልቅ ድስት ውስጥ ገብቶ ክንድ እስኪዝል ይማሰላል። ከቀዘቀዘ በኋላ ያለ ፍሪጅ ብዙ ቀን ይቆያል። የመከላከያ ስልቱ ሌባውን መከልከል ሳይሆን መያዝ ነው። ያነሣው ሰው ጣቱ ያበራል፣ የበሩ እጀታ ይጣበቃል፣ የትምህርት ቤት ሸሚዙ በሁለቱም ጎን ዘይት ይለብሳል። ምስክር መጥራት አያስፈልግም። ወንጀሉ ግን ከመፈጸም አይቆምም፤ ሐልዋ ጥሩ መርማሪ እንጂ ጥሩ ዘበኛ አይደለም።

ለንጽጽር ያህል ሌሎች ሕዝቦች ምን እንዳደረጉ ታይቷል። ደገኛው ዳቦ ቆሎን በጥንካሬ አስታጥቆታል፤ ጥርስ የሌለው ዘመድ ከውድድሩ ይወጣል። ድፎ ዳቦ ደግሞ አባወራው ወይም አንድ ሽማግሌ ሳይባርክ አይቆረስም፤ ይህ በሕግ የሚደረግ ጥበቃ ስለሆነ የሚሠራው ሕግ በሚከበርበት ቤት ብቻ ነው። እንግሊዞች የገና ፑዲንጋቸውን አምስት ሳምንት ያህል ቀድመው ሠርተው ያስቀምጡና በዕለቱ ብራንዲ አፍስሰው እሳት ይለቁበታል። አምስት ሳምንት የጠበቁትን ምግብ በመጨረሻ ማቃጠል ጥበቃን ከልክ በላይ መውሰድ ይመስላል፤ ቢሆንም ዓላማው ይገባናል።

ኢብን ባቱታን እዚህ ላይ እንደገና መጥራት ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1331 ገደማ ዘይላ ሲደርስ የዓሣውና በየመንገዱ የሚታረደው ግመል ሽታ አስመርሮት፣ ባሕሩ እየተናወጠ፣ መርከብ ላይ ማደርን መርጧል። ስለዚህ ስለ ሰሜኑ ሶማሌ ድግስ የሰጠው ምስክርነት የለም። ሞቃዲሾ ላይ ግን በደንብ ተጋብዞ ከበላ በኋላ የአገሩ አንድ ሰው የእኛን ብዙ ሰው ያህል ይበላል ሲል ጽፏል። መላ ምታችን ካገኛቸው የጽሑፍ ማስረጃዎች ይህ አንጋፋው ነው።

እንግዲህ ወደ አንደኛው ደረጃ። ስሙ ሔዶ ነው፤ በሰሜኑ ሶማሌ ዘንድ የሙሽራዋ ወገን ለሙሽራው ወገን የሚያቀርበው የሠርግ ስንቅ። ውስጡ ሙቅማድ ነው። የግመል ወይም የከብት ሥጋ ይተለተልና ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ እስከዚህ የእኛው ቋንጣ ነው። ከዚያ ሴቶቹ ተሰብስበው ሽምብራ እስኪያክል ይከትፉታል፤ በንጥር ቅቤ ይጠበሳል፣ ሄልና ሌላም ቅመም ይገባበታል፣ ከቅቤው ሳይወጣም ይቀመጣል። ቅቤው ሲረጋ አየር አያስገባም፤ ሥጋው ለወራት ይቆያል። ፈረንሳዮችም ዳክዬን በገዛ ስቡ ውስጥ የሚያቆዩት በዚሁ መንገድ ነው።

እስካሁን የተነገረው ከባክቴሪያ መከላከል ነው። ከዘመድ የመከላከሉ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ሥጋው የሚገባው ከእንጨት በተፈለፈለ ዕቃ ነው። ከላይ በቅመም የታሸ የቴምር ሊጥ ይደፈንበታል፤ ክዳኑ ይገጠማል። ዕቃው በሽፋን ተይዞ እንደ ሙሽራ ጨርቅ ይለብሳል፣ ይሸለማል። ቀጥሎ ገመድ ይመጣል። ገመዱ ይዞራል፣ ይሻገራል፣ በራሱ ሥር ይገባል፤ ጫፉ ደግሞ አንዲት ዘመድ ብቻ በምታውቀው ቦታ ይደበቃል። ከሠርጉ በኋላ በሰባተኛው ቀን የሙሽራው ወንድ ዘመዶች ተጠርተው ፍቱ ይባላሉ። ቢላ ክልክል ነው። ገመድ መበጠስ ክልክል ነው። ጎን የቆመች ሴት በትር ይዛለች፤ በትሩ ለጌጥ አይደለም።

አንድ አዴር (የአባት ወንድም ማለት ነው) ይንበረከካል። መነጽሩን ያወጣል፤ በአውራ ጣቱ ገመዱን እየዳበሰ ዕቃውን ይዞራል፤ ያገኘ መስሎት ይስባል፤ የሳበው ሌላውን ያጠብቃል። ባለ በትሯ ትጠጋለች። «አዴር፣ ይበርቱ እንጂ! ልጅቷን ሊጠይቁ ሲመጡ እንዲህ አልዘገዩም ነበር።» ሴቶቹ ይስቃሉ። አዴር የሙሽራዋን ወገን በግጥም ማመስገን ይጀምራል፤ የዚህ ምስጋና አንዱ ጥቅም ጣት የሚያርፍበት ጊዜ መስጠቱ እንደሆነ ይህ ጥናት ይጠረጥራል። ከዚያ ሌላው ይሞክራል። ወጣቶቹ ከሁሉ ያንሳሉ፤ ስልክ በጣት ሲነካ የሚከፈት ነገር ስለሆነ የለመደ እጃቸው ሔዶውንም ሁለት ጊዜ ነካ አድርጎ ይጠብቃል።

ሔዶ በምደባው አንደኛ የወጣበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሌሎቹ ምግቦች ዘመድን በመሸሸግ፣ በማጣበቅ ወይም በመቆለፍ ሊያርቁት ሞክረው አልቻሉም። ሔዶ ግን ዘመድን ራሱን ጠርቶ ፊቱ ያስቀምጠዋል፣ ሰው ሁሉ እያየ ፍታ ይለዋል፣ ካልቻለ ያስመታዋል። ሊሰርቅ ያሰበ ሰው ጨለማ ያስፈልገዋል፤ እዚህ የሚያገኘው ግን ብርሃን፣ ተመልካችና በትር ነው። ሲከፈትም ከቅቤው እየጨለፉ፣ በቴምሩ እያጣፈጡ፣ በጣት ነው የሚበላው፤ በማንኛውም ከተማ ግብዣ ላይ በስቴኪኒ ተወግቶ ከሚቀርበው ነገር በምን እንደሚያንስ ሊረጋገጥ አልቻለም።

ጥናቱ የሚያቀርበው ተግባራዊ ሐሳብ አንድ ነው። የሙሽራው ወገን በየጊዜው እየተሸነፈ ያለው በሙያ ማነስ ነው። በአንጻሩ ከሐርተሼክ ወደ መሀል አገር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በየኬላው፣ የተጠቀለለ ነገር አይተው ጫፉ የት እንደሆነ በማግኘት እንጀራቸውን የሚበሉ የመንግሥት ሠራተኞች አሉ። እነዚህ የጉምሩክ ፈታሾች በሰባተኛው ቀን የሙሽራው ዘመድ ተደርገው እንዲቆጠሩ ሐሳብ ቀርቧል። ቢላ ለእነሱም አይፈቀድም፤ የያዙትንም መውረስ አይችሉም።