የፈንታሌ ዋሻ መዝገብ

ተረት ተረት። በአዋሽ ሸለቆ የሚኖሩ አራዊት በፈንታሌ ተራራ ሥር፣ በአንድ ሰፊ ዋሻ ውስጥ፣ የጋራ መዝገብ ነበራቸው። ውኃ ያገኘ፣ መርዘኛ ቅጠል ቀምሶ የተረፈ፣ አዲስ መንገድ ያወጣ ሁሉ ያየውን በብራና ጽፎ ግድግዳው ላይ ይሰቅላል። ያልሄደው የሄደውን አንብቦ ይሄዳል። ትውልድ በትውልድ ሲተካ ብራናው በዛ፤ ስለ አንድ ምንጭ ብቻ ዘጠኝ ብራና ተደራርቦ ተሰቀለ።

አንድ በጋ የሳላ ጥጃ፣ «ከመተሐራ በስተ ምዕራብ ደረቅ ሜዳ አለ፤ በሌሊት ተሻገሩት» የሚለውን ብራና አምና ወጣች። ብራናው በተጻፈበት ዘመን ነገሩ እውነት ነበር። በሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ ከ3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ውኃ ነበር፤ ዛሬ ግን ያን ሜዳ ውጦ ከ40 በላይ ሆኗል። ጥጃዋ በጨለማ ጨዋማው ውኃ ውስጥ ገባች። ጎህ ሲቀድ እናቷ ደርሳ እስክታወጣት ድረስ አንገቷን ብቻ አቅንታ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ጭቃው እግሯን ይዟት ቆማ አደረች።

እናቲቱ ከዋሻው ደጃፍ ቆማ ጮኸች፦ «እንዲህ ያለ ምሪት ከምትሰቅሉልን ባዶ ግድግዳ ይሻለን ነበር!»

አራዊቱ ሸንጎ ተቀመጡ። እመት ጦጢት ቀድማ ተነሣች። «ብዙ የተነበበው ብራና ጠርዙ በእጅ እድፍ ይጠቁራል። እድፍ የሌለውን ሁሉ እናውርድ» አለች። ብዙዎች ደገፏት። አያ ጅቦ ቀጠለ፦ «የእኔን ዱካ የሚያሳዩትም ይውረዱ፤ አገር ያሸብራሉ።» አያ ከርከሮ በበኩሉ፣ «አባቴ የጻፈውን የሚነካ ወዮለት!» ብሎ ጥርሱን አፋጨ።

ጦጢት ማውረድ ጀመረች። አቧራ የለበሰ፣ ጠርዙ ንጹሕ የሆነ ብራና ስታነሣ አባ ኤሊ፣ «እስቲ አንብቢልን ልጄ» አሏት።

አነበበች፦ «ምድር ስትንቀጠቀጥ ከዋሻ ውጡ። ከገደል ሥር አትቁሙ። ወደ ገላጣ ሜዳ ሂዱ።» ፈንታሌ ከ200 ዓመት ገደማ በፊት እሳት ሲተፋ ያዩ የጻፉት ነበር።

«ይህን ማን ያነበዋል አባ?» አለች።

«ዛሬ ማንም አያነበውም። የበሰቃውን ተመልከቺ፤ በእድፍ ጠቁሯል፤ ጥጃይቱን ለሞት አፋፍ ያደረሳትም እሱ ነው። እንግዲህ ስለ እያንዳንዱ እንጠይቅ፦ ዛሬም እውነት ነው? ሌላ ብራና ያንኑ ይነግረናል? ብናወርደውስ የሚጎዳው ማን ነው? መልሱን ግን እዚህ ተቀምጠን አናገኘውም፤ በእግራችን ሄደን እንየው።»

በየአቅጣጫው ተሰማሩ። ስለ አንዱ ምንጭ የተጻፈው ዘጠኝ ብራና ተጣርቶ አንድ ሆነ፤ በስምንቱ ቦታ ወደዚያ የሚመራ ምልክት ተደረገ። የበሰቃው ብራና ወደ ጓዳ ገባ፤ በቦታውም «ይህን መንገድ ውኃ ውጦታል» ተብሎ ተጻፈ፤ ሌላ ማንም ዳግመኛ እንዳይጽፈው። የጅቡን ዱካ የሚያሳየው ቢወርድ የሚጎዱት እንሹዎች ነበሩና ባለበት ቀረ። አያ ከርከሮ አባቱ የጻፈለትን የግጦሽ ሜዳ ሊያይ ሄደ። ሜዳውን ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ ወርሶታል፤ እሾሁ አፍንጫውን ቧጨረው። ተመልሶ ማንንም ሳያናግር ብራናውን በገዛ እጁ አወረደ፤ ያየውንም ጽፎ በምትኩ ሰቀለ።

ያ አቧራ የለበሰው ብራና ተራግፎ በዋሻው በር ላይ ተሰቀለ። በ2017 ዓ.ም በአዋሽ ፈንታሌ ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ አራዊቱ ዋሻውን ለቀው ወደ ገላጣው ሜዳ ወጡ። ትንሿ ጥጃ ሳትቀር የምትሄድበትን ታውቅ ነበር።

የሙያ እውቀታችሁን በጋራ መዝገብ የምታኖሩ ሁሉ፣ በኮምፒውተርም ቢሆን በወረቀት፣ ይህ ተረት ለእናንተ ነው። አንድን ገጽ ከመሰረዛችሁ በፊት ስንት ሰው አነበበው ብላችሁ አትወስኑ፤ የሚለውን ራሳችሁ ሞክሩት። የተደገመውን አንድ አድርጉ፤ ለክፉ ቀን የተጻፈውን አቆዩ፤ ሐሰት ሆኖ ያገኛችሁትን ግን አንድ ሌሊት እንኳ አታሳድሩት።