የእመት ጦጢት ፋኖስ

ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ በአንድ ሸለቆ በሚኖሩበት ዘመን፣ ማታ ወደ ወንዝ የሚወርድ ችቦውን ራሱ ያስር ነበር፤ ችቦ ያጣ በዳበሳ ይሄዳል። ታዲያ አንድ የገበያ ቀን እመት ጦጢት ከዋርካው ሥር ፋኖስ ደርድራ ተቀመጠች። ዋጋውን ሲጠይቋት ሳቀች።

«ከእናንተ ደግሞ ዋጋ ልቀበል? ውሰዱ እንጂ!»

አህያ ወሰደ። ፍየል አንድ ለራሷ፣ አንድ ለልጇ ብላ ሁለት ወሰደች። ማንንም የማያምነው ጃርት እንኳ ዙሪያውን ቃኝቶ አንዱን አንሥቶ ሄደ። እማማ ዔሊ ብቻ ፋኖሱን አገላብጠው አዩት። ከሥሩ አንዲት ዝንብ ተለጥፋለች።

«ይቺ ምንድን ናት ልጄ?»

«እሷማ ለብርሃኑ ናት እማማ። ያለ እሷ አይበራም።»

«መንገዱን ለእኔ የምታሳይ ናት፣ ወይስ እኔን ለሌላ የምታሳይ?»

ጦጢት በመልስ ፈንታ አንድ የኮባ ቅጠል ዘረጋችላቸው። ከላይ እስከ ታች በደቃቅ ፊደል ተሞልቷል፤ ከግርጌው «ተስማምቻለሁ» የሚል መርገጫ አለ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ያነበበው አልነበረም። ፍየልማ የራሷን ቅጠል ግማሹን በልታ ግማሹን ረግጣ ነው የሄደችው።

እማማ ዔሊ አንድ በአንድ አነበቡ። ዔሊ መቼም ለማንበብ ጊዜ አላት። ጨርሰውም «አልስማማም» ብለው ፋኖሱን መለሱ። ዝንቧ ግን እሳቸው ገና የመጀመሪያውን መስመር ሲጀምሩ ተነሥታ ጦጢት ጆሮ ላይ አርፋ ነበር።

የዝንቧን ነገር ከራሴ አልፈጠርኩትም። «ብራይተስት ፍላሽላይት» የሚባል፣ ስልክን ባትሪ ከማድረግ ሌላ ሥራ ያልነበረው፣ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ጊዜ የተጫነ ነጻ መተግበሪያ ነበር። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ክሱን ይፋ ሲያደርግ እንደገለጸው፣ መተግበሪያው የስልኩን ባለቤት መገኛና የስልኩን መለያ ለማስታወቂያ ድርጅቶች ይልክ ነበር። የሚገርመው ግን መላኩ አይደለም። ሰውየው ውሉን ልቀበል ወይስ ልተው እያለ ሲያስብ መላኩ ተጀምሯል። ጥያቄው ለወጉ የቀረበ ነበር።

ወደ ተረቱ ልመለስ። ሌሊት ሌሊት ዝንቦቹ ወደ ዋርካው እየመጡ ያዩትን ያወራሉ፤ ጦጢትም በቁርበት ላይ ትጽፋለች። ስም አትጽፍም። «ፋኖስ ሰባት፣ ከጸሐይ መጥለቅ በኋላ ከገደሉ ሥር ጠፋ፤ ሌሊት ሦስት ጊዜ በራ።» እንዲህ ብቻ ነው። አንድ ቀን አያ ጅቦ እያነከሰ መጣ።

«የፍየልን ቤት ንገሪኝ።»

«ኧረ ነውር ነው አያ ጅቦ! እኔ የሰው ስም አልሸጥም። ፋኖስ ሰባት የት እንደሚያድር፣ የት ውኃ እንደሚጠጣ፣ ረቡዕ የት ጨው እንደሚልስ፣ እሑድ ማን ዘንድ እንደሚውል ግን ይኸው።»

አራት ቦታ ማለት ነው። አራት ይበቃል ወይ ለሚል፣ እ.ኤ.አ. በ2013 «ሳይንቲፊክ ሪፖርትስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት አለ፤ ስማቸው የተደበቀ የ1.5 ሚሊዮን ሰዎችን የሞባይል መረጃ መርምሮ፣ ከመቶው 95ቱን ከሌላው ለመለየት አራት የቦታና የሰዓት ነጥብ እንደሚበቃ አሳይቷል። አያ ጅቦ ጥናቱን አላነበበም። ረኃቡ ነገረው።

ጅብ ድሮ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይል ነበር። አሁን እሱን ወደማያውቁት፣ እሱ ግን ሁሉን ወደሚያውቅበት ቤት መሄድ ጀመረ። ፍየል ደጃፍ ቆሞ፦

«የልጅሽ ሳል እንዴት አደረ?»

«በምን አወቅህ?»

«ጎረቤት አይደለንም እንዴ!»

ፋኖሱ ሌሊት ሦስት ጊዜ መብራቱን ከቁርበቱ አንብቦ ነበር። የሳል መድኃኒት ይዞ መጥቶ በእጥፍ ዋጋ ሸጠላት፤ ያን ሌሊት ብትለምነው ኖሮ በሦስት እጥፍም ትገዛው እንደነበር ያውቃል። በሳምንቱ የጨው መላሻው ሲደርቅ ጨው ይዞ መጣ። ፍየል እንዲህ የሚያስብላት ዘመድ አልነበራትም፤ ለጎረቤት ሁሉ አመሰገነችው። በሦስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ፣ እሷ ጨው ልትልስ በሄደችበት ሰዓት፣ ልጇን በላው። ድሮ አህያ «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለ ይባላል። በዚህ ጊዜ ማመካኘትም አላስፈለገውም።

ጉዳዩ አያ አንበሶ ችሎት ቀረበ። ጦጢት የተረገጡትን ቅጠሎች ተሸክማ መጣች። «ይኸው ኮቴያቸው! አስገድጃቸዋለሁ?» እማማ ዔሊ ተነሥተው «እኔ አልረገጥኩም። የእኔስ መንገድ እንዴት ቁርበትሽ ላይ ተገኘ?» ሲሉ ችሎቱ ጸጥ አለ። አያ አንበሶም ፈረዱ፤ ከእንግዲህ ዝንቧ የምትሠራው በማይሸሸግ ቃል ይነገር፣ የተጻፈውም ይፋቅ። እልል ተባለ። ጅብ የገዛው ቁርበት ግን ከጅብ ቤት አልወጣም።

ጃርት ሲወጣ ዞር ብሎ፦ «ጌታዬ፣ ከአልጋዎ ሥር ያየሁት ቁርበትስ የማን ነው?»

«እሱ ለጸጥታ ነው» አሉ አያ አንበሶ።

ዳኛው ራሱ ደንበኛ ሲሆን ችሎት መቆም ምን ይፈይዳል? እ.ኤ.አ. በ2020 ጋዜጠኞች እንዳጋለጡት፣ የሶላት ሰዓትና ቂብላ የሚያሳየው «ሙስሊም ፕሮ» የተባለ መተግበሪያ የተጠቃሚዎቹን መገኛ ኤክስ-ሞድ ለተባለ የመረጃ ደላላ ይሰጥ ነበር፤ ከደላላው ደንበኞች መካከል ደግሞ ለአሜሪካ ጦር የሚሠሩ ተቋራጮች ነበሩበት። ለጸሎት የከፈቱት ስልክ ነው።

ጃርት ፍርዱ እስኪፈጸም አልጠበቀም። ቤቱ ገብቶ ዝንቧን በአንድ እሾህ ነቅሎ ጣላት። ፋኖሱ እንደ ወትሮው በራ። ጦጢት «ያለ እሷ አይበራም» ያለችው ውሸት ነበር፤ ይህን ያህል ጊዜ ማንም ነቅሎ አልሞከረም።

እኛ አገርም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሕጉ መውጣቱ መልካም ነው፤ ግን ለፍየል ልጅ እንዳልደረሰለት ፍርድ እንዳይሆን፣ አንባቢ ሆይ፣ የእርስዎን እሾህ ዛሬውኑ ያንሡ። የስልክዎን ቅንብር ከፍተው መገኛዎን፣ ማይክሮፎንዎንና የስልክ ማውጫዎን እንዲያይ የተፈቀደለት የትኛው መተግበሪያ እንደሆነ ይመልከቱ። ካርታው መገኛ ያስፈልገዋል፤ ባትሪውና ካልኩሌተሩ አያስፈልጋቸውም፤ ይከልክሏቸው። አዳዲስ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ የማስታወቂያ መለያውን መሰረዝ ይቻላል። አይፎን ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 2021 ወዲህ አንድ መተግበሪያ በሌሎች መተግበሪያዎችና ድረ ገጾች ላይ ሊከታተልዎ ሲፈልግ አስቀድሞ ፈቃድዎን እንዲጠይቅ ያስገድደዋል። እምቢ ይበሉ።