የጋባዥ አዘገጃጀት፦ በሳሎን ስለሚካሄደው የድስት ሽያጭ አጭር ጥናት

በአሜሪካ የቤት ለቤት ግብዣ ሽያጭ የሚባለው ዕቃው ከሱቅ መደርደሪያ ወርዶ በአንዲት ሴት ሳሎን ውስጥ፣ በወዳጆቿና በጎረቤቶቿ ፊት፣ ምግብ እየተሠራበት የሚሸጥበት ሥርዓት ሲሆን፣ የሦስት ወገኖችን ተሳትፎ ይጠይቃል። ሻጯ ድስትና ቢላዋዋን ይዛ ትመጣለች፣ ታበስላለች፣ በመጨረሻም የማዘዣ ቅጽ ታድላለች። እንግዶቹ ቀምሰው ይከፍላሉ። ጋባዧ ደግሞ ቤቷን፣ ምድጃዋን፣ በስልኳ ውስጥ ያሉትን ስሞችና መልካም ስሟን ታቀርባለች፤ በምላሹም እንደ ምሽቱ ሽያጭ መጠን ነጻ ዕቃ ወይም ቅናሽ ይደርሳታል። ሻጯ ከግብዣው ቀናት ቀደም ብላ ለጋባዧ የምትሰጠው ትምህርት የጋባዥ ዝግጅት ይባላል፤ የሙያው ሰዎችም የምሽቱ ገቢ የሚወሰነው ድስቱ ከመጣዱ በፊት ነው ብለው ስለሚያምኑ፣ ይህ ጥናት ድስቱን ለጊዜው ወደ ጎን ትቶ ትምህርቱን ይመረምራል።

ዘርፉ የራሱ ታሪክና የራሱ ሰማዕት አለው። እ.ኤ.አ. በ1931 በማሳቹሴትስ የተቋቋመው ስታንሊ ሆም ፕሮዳክትስ የጽዳት ዕቃዎችን በየሰው ቤት እያሳዩ መሸጥን አስፋፋ፤ ለዚሁ ኩባንያ ትሸጥ የነበረችው ብራውኒ ዋይዝም ዘዴውን ወደ ኧርል ተፐር የፕላስቲክ ሳህኖች አሻገረችው። የተፐር ሳህን ክዳኑ እንዴት እንደሚገጠም ካላሳዩት የማይገባ ዕቃ ስለነበረ በሱቅ ገዢ አጥቶ፣ በሳሎን ግን ተሻምተውበት፣ ኩባንያው በ1951 ዕቃውን ከሱቅ አስወጥቶ ዋይዝን ምክትል ፕሬዚዳንት አደረጋት። በ1954 በቢዝነስ ዊክ መጽሔት ሽፋን ላይ የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ በ1958 ተባረረች። ማብሰሉን ራሱን የትርኢቱ ማእከል በማድረግ ስሟ የሚነሳው ዶሪስ ክሪስቶፈር ደግሞ በ1980 በሕይወት መድን ውል ላይ 3000 ዶላር ተበድራ በቺካጎ አካባቢ ፓምፐርድ ሼፍን የጀመረች ሲሆን፣ ኩባንያው በ2002 የዋረን ባፌት በርክሻየር ሀታዌይ ንብረት ለመሆን በቅቷል።

ወደ ትምህርቱ ስንመለስ፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ የስም ዝርዝር ነው። ጋባዧ ሳሎኗ ከሚችለው በላይ ሰው እንድትጠራ ትመከራለች፤ ከተጠራው ሰው ብዙው እንደሚቀር ይታወቃልና። ማንን ልጥራ ብላ ግራ እንዳትጋባም ዘመድ፣ ጓደኛ፣ ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ፣ የልጆቿ ጓደኞች ወላጆች እየተባለ በየክፍሉ ተመድቦ ይቀርብላታል። ለመምጣት የማይመቸው ሰው እንደ ቀረ እንግዳ አይቆጠርም፤ የዕቃው ዝርዝር ተልኮለት አስቀድሞ ማዘዝ ስለሚችል፣ መቅረት ለእግር እንጂ ለኪስ ማምለጫ አይሆንም። ከዚህ በኋላ የማስታወሻ ስልክ መደወል፣ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ማጽዳትና ምድጃውን ነጻ ማድረግ ይከተላል፤ እነዚህ የሚያከራክሩ አይደሉም።

የዝርዝሩን አስፈላጊነት ሳይንስም አልዘነጋውም። ፍሬንዘንና ዴቪስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1990 ባወጡት ጥናት፣ በእንዲህ ያለ ግብዣ ላይ ሰውን ለግዢ የሚያበቃው ከጋባዧ ጋር ያለው ቅርርብ መሆኑን፣ ይህም ለዕቃው ካለው ፍላጎት እጥፍ ያህል ክብደት እንዳለው አሳይተዋል። ውጤቱ በምሁራኑ ዘንድ ብዙ የተወሳ ቢሆንም፣ ይሉኝታ የሚባለውን ኃይል ከልጅነቱ ጀምሮ ለሚያውቅ ኅብረተሰብ እምብዛም አዲስ ነገር አልነገረም ማለት ይቻላል። በዚህ መሠረት ሻጯ የምትሸጠው ድስት ሲሆን፣ እንግዳው የሚገዛው ግን ነገ ከጋባዧ ጋር ዓይን ለዓይን የሚተያይበትን ፊት ነው።

ከዚህ የተነሣ በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ለዘርፉ የተፈጠረ ጋባዥ ሊመስል ይችላል፤ ዘመዱ ብዙ ነው፣ ጥሪ አክባሪ ነው፣ ባዶ እጅ መውጣትም ያሳፍረዋል። ይሁን እንጂ የዝግጅቱ ትምህርት እዚህ ቤት ሲደርስ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይሰናከላል። ዐረፍተ ነገሩም «ምንም ምግብ እንዳታዘጋጂ» የሚለው ነው። ሰው ጠርቶ ሳይሠሩ መጠበቅ በጋባዧ ዘንድ ሊታሰብ የማይችል ነውር ስለሆነ፣ እሺ ብላ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ሽንኩርት መክተፍ ትጀምራለች፤ በግብዣው ዕለትም ሻጯ ስትመጣ ነጻ ይሆናል የተባለው ምድጃ በአራቱም ዐይኑ ተይዞ ታገኘዋለች። እንግዶቹ በበኩላቸው «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» እየተባሉ ከጠገቡ በኋላ ስለሆነ ወደ ትርኢቱ የሚዞሩት፣ የሻጯ ቅምሻ ለክብሯ ሲባል የሚጎረስ ሆኖ ይቀራል።

ትርኢቱ ራሱም ያልታሰበ ትርጓሜ ያገኛል። ውድ የሆኑት ባለብዙ ንብርብር የብረት ድስቶች ዋነኛ መስህብ ያለ ዘይትና ያለ ውኃ ማብሰላቸው ሲሆን፣ ይህ ለዶሮ ወጥ ሽንኩርቱን በደረቁ ስታቁላላ ለኖረች እናት ሲበሰር፣ ፊቷ ላይ የሚነበበው አድናቆት ሳይሆን «ታዲያ ሌላ እንዴት ይሠራል?» የሚል ቅን ጥያቄ ነው። የከፋው የሚመጣው በዶሮው ነው። ሻጯ ብልቱን ከፕላስቲክ እሽጉ አውጥታ ሳታጥብ በቀጥታ ወደ ጋለው ድስት ትከተዋለች፤ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ጥሬ ዶሮ ማጠብ ጀርሙን በማጠቢያው ዙሪያ ያስረጫል ብሎ ስለሚመክር በአሠራሯ ነቀፋ የለባትም። ከፊቷ የተቀመጡት ግን ዶሮን በ12 ብልት አውጥተው፣ ውኃው ኩልል እስኪል በሎሚና በጨው እየደጋገሙ ያጠቡ ሴቶች ናቸው። በዚህ ቅጽበት ሳሎኑ ጸጥ ይላል፤ ሻጯም ጸጥታውን የትርኢቱ ስኬት አድርጋ ትመዘግበዋለች።

አንዳንድ የድስት ሻጮች ጋባዧ የራሷን አሮጌ ድስት ጠረጴዛ ላይ እንድታቆይ አስቀድመው ይነግሯታል። ይህም ውኃና ቤኪንግ ሶዳ በአሮጌውና በአዲሱ ተፈልቶ፣ እንግዶቹ ቀምሰው የአሮጌውን ምሬት እንዲመሰክሩ ነው። ሶዳው ሲፈላ በራሱ ይበልጥ ወደሚመር ነገር የሚለወጥ መሆኑ በትርኢቱ ላይ አይነሳም። ድስቱ ከመርካቶ ተገዝቶ በሻንጣ የመጣ፣ የእናት ስጦታ ሊሆን እንደሚችል የዝግጅቱ ትምህርት ስላላሰበበት፣ ሳሎኑ በድንገት የቤተሰብ ክብር ችሎት ይሆናል።

የማዘዣ ቅጹ የሚታደልበት ሰዓት ግን ለሻጯ ሳታስበው ይመቻል፤ ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሲሻገር በረካ ሳይጠጣ የሚነሣ ስለሌለ፣ በሌላው ቤት እንግዳ ካፖርቱን የሚያነሣበት ጊዜ እዚህ የብዕር ጊዜ ነው። በቅጹ ግርጌ ቀጣዩን ግብዣ በቤቷ ማድረግ የምትፈልግ እንግዳ የምትፈርምበት ቦታ አለ፤ ጋባዧም ከእንግዶቿ መካከል ቢያንስ አንዷን ለዚህ እንድታዘጋጅ በትምህርቱ ተነግሯታል። በዚህም ግብዣው እንደ ዕቁብ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ልዩነቱ ዕጣው በየዙሩ ለሻጯ መውጣቱ ብቻ ነው። እትዬ እገሊት ለፈረመችው ግብዣ ደግሞ የዛሬዋ ጋባዥ ሄዳ አለመግዛት የማትችል መሆኑ ከላይ ከተጠቀሰው የ1990 ጥናት ጋር ሙሉ በሙሉ ይስማማል።

በሕግ በኩል የተሟላ ጥበቃ አለ። በፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ መሠረት በገዛ ቤቷ የ25 ዶላርና ከዚያ በላይ ዕቃ የገዛች ጋባዥ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ግዢዋን መሰረዝ ትችላለች። ደንቡ ስለ ድስቱ እንጂ ስለ ግብዣው የሚለው ስለሌለ ግን፣ ድስቱን መልሳ ገንዘቧን ብትቀበልም የእትዬ እገሊት ቅዳሜ አይሰረዝላትም።