የተራቆተው ሆንዳ

ሜሪላንድ ያለ ወዳጄ «በጥበብ የተሠራ» የ1972 እ.ኤ.አ. ሆንዳ ሲቢ 750 ገዛ። ሞተር ብስክሌቱ በ1969 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የፊት ዲስክ ፍሬኑና የኤሌክትሪክ ሞተሪኖው እንደ ብርቅ ይታይ ነበር። ምን ይደረግ፣ መሐንዲስ ውበት አያውቅም! የቀድሞው ባለቤት ግን ያውቃል፤ ፓራፋንጎውን ነቀለ፣ ስፖኪዮውን ነቀለ፣ የአየር ፊልትሮውን ሳጥን ጣለ። ዋጋውም በተነቀለው ልክ ጨመረ።

ሳጥኑ ሲሄድ አየሩ በዛ፣ ቤንዚኑ አነሰ፤ አራቱ ካርቡሬተሮች እንደተኳረፉ ሽማግሌዎች ሆኑ። ወዳጄ ሦስቱን አስማምቶ ወደ አራተኛው ሲዞር የመጀመሪያው ሐሳቡን ቀይሮ ይጠብቀዋል። ባትሪው ከመቀመጫው ሥር እንዲደበቅ ሲባል ሳሙና አክሎ ቀርቷል፤ ሞተሪኖው «ቀጭ» ብሎ ዝም። የእግር ማስነሻውም ለመልክ ሲባል ተቆርጧል። ሽቦው ሁሉ (ሐዘን ላይ ይመስል) ጥቁር በጥቁር ነው፤ የፍሬን መብራቱ ሽቦ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ሲጨስ ነው።

ወዳጄ አልተማረረም፤ ጥበቡ ገብቶታል። ባለፈው ቅዳሜ ካርቡሬተሮቹን አወጣ፤ ጠቡ በረደ። ሰንሰለቱን ፈታ፤ መንጫረሩ ቆመ። ዘይቱን ደፋ፤ ማንጠባጠቡም አበቃ። አሁን ሳሎን መሐል ቆሞ ሲያዩት ያምራል። ጎማዎቹን ብቻ ካወጣ በእጥፍ ዋጋ የሚወስድ ሰው አግኝቷል።